ዘጠኝ ቀን

አበበ አንድ ግንብ ብቻውን በ6 ቀን ይገነባል። ከበደ ያንኑ ግንብ በ3 ቀን ይጨርሳል። አብረው ቢሠሩ በስንት ቀን ያልቃል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች የሚያስጠና ወጣት ይህን ጥያቄ ባነሳ ቁጥር፣ ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ከወደ ኋላ «9!» የሚል ድምፅ ይሰማል። 6 ሲደመር 3። አስጠኚው ጭንቅላቱን ይይዛል። «አንተ ልጅ፣ ብቻውን በ6 ቀን የሚጨርስ ሰው ረዳት ሲመጣለት እንዴት 9 ቀን ይፈጅበታል?»

ልጁ ዝም ይላል። ለምን ዝም እንደሚል ግን አይገባኝም፤ ጎረቤት ቤት ሲሠራ እያየ ነው ያደገው።

በወረቀት ላይ አስጠኚው ልክ ነው። የሚደመረው ቀኑ ሳይሆን የቀን ሥራው ነው፦ አበበ በቀን የግንቡን 1/6፣ ከበደ 1/3፣ ሲደመር 1/2፤ ስለዚህ በ2 ቀን ያልቃል። ሒሳቡ ያምራል። ችግሩ ሰዎቹ ናቸው። ከበደ የአበበን እጥፍ ይሠራል፣ አበበ ግን አይቀናም። ደመወዛቸው እኩል ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም። ሲሚንቶ አያልቅባቸውም። ለቅሶ አይደርሱም፣ ስልክ አይደወልላቸውም፣ ቡና የሚባል ነገር አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ዝናብ እንኳን ከእነሱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

ጥያቄው በጣም ያረጀ ነው። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው «ዘጠኙ ምዕራፎች» የተባለው የቻይና የሒሳብ መጽሐፍ፣ አምስት ቦዮች አንድ ላይ ተከፍተው አንድ ኩሬ በስንት ጊዜ እንደሚሞሉ ይጠይቃል። አንዱ በ1/3 ቀን፣ ሌላው በ1 ቀን፣ ሦስተኛው በ2 ቀን ተኩል፣ አራተኛው በ3፣ አምስተኛው በ5 ቀን ይሞላዋል። መልሱ የአንድ ቀን 15/74 ነው። ውሃ ሲሆን አምናለሁ፤ ውሃ ፎርማን ሲዞር ጠብቆ አያርፍም። (ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር አንባቢ ግን ይህንንም ላያምን ይችላል።)

ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ጉልበታቸውን ለካ፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ፣ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ብቻ ነበር። ሰውዬው ያን ያህል ባልደከመ። ሶዶ ላይ ቦይ በሚቆፈርበት መንገድ ዳር አንድ ረፋድ ቢቆም ይበቃው ነበር፦ አንዱ ዶማ ያነሳል፣ ሦስቱ አካፋቸውን ተደግፈው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይላሉ፣ አንዱ ሜትር ይዞ ይቆማል፣ ፎርማኑ ለአሠሪው «እየተፋጠነ ነው» እያለ በስልክ ያወራል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ አሠሪው ነው። ከሶዶ እስከ ቢጠና የወላይታ ሰው ቤቱን ለጊፋታ ማድረስ ይፈልጋል። ዘመን መለወጫው በመስከረም ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ ግንቡ ገና ወገብ ላይ ነው። አሠሪው ትምህርት ቤት የተማረውን ያስታውሳል፦ ሰው በእጥፍ ቢጨምር ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። አራት የቀን ሠራተኛ ይጨምራል። መሰላሉ ግን አንድ ነው፤ ባልዲውም አንድ። አዲሶቹ የት ምን እንዳለ ነባሮቹን ይጠይቃሉ፣ ነባሮቹ ሥራ አቁመው ያስረዳሉ፣ ከዚያ አገራቸውን ይጠያየቃሉ፣ ዘመድ ሆነው ይገኛሉ። ምሳ በእጥፍ ይበላል። ግንቡ ወገቡ ላይ እንዳለ ነው።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ ከዚህ አሠሪ የተሻለ ሒሳብ ያውቃል። ሃያ ሰው ሲጠራ ፍጥነቱ በሃያ እጥፍ ይሆናል ብሎ አይደለም፤ ቆጮውና መጠጡ ስንት ሰው እንደሚያጠግብ አስልቶ ነው። የወንፈል ሰዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። አንተ ለእኔ አንድ ቀን፣ እኔ ለአንተ አንድ ቀን። ማን በቀን 1/6 ማን 1/3 ሠራ ብሎ የሚለካ የለም፤ ቀኑን የቀረ ግን ይታወቅበታል።

ስለዚህ ሕዝባችን ክፍልፋይ አይገባውም ብሎ የሚያማ አስጠኚ ካለ፣ በጊፋታ ሰሞን በሬ ሲታረድ ይምጣና ይይ። ወንዶቹ ለበሬው ገንዘብ፣ ሴቶቹ ለቅቤው እቁብ ወራት ሙሉ ሲያስቀምጡ ከርመዋል። ሥጋው በመደብ በመደብ ይደረደራል። አካፋ ተደግፎ የከረመው ሁሉ ወገቡን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ከሳንባው ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይቆረጣል፤ ሚዛን የለም፣ ካልኩሌተር የለም፣ የሚሳሳት የለም። ክርክር ከተነሳ በኩላሊት ነው፤ በሬ ያለው ሁለት ብቻ ነውና።