ካባ የሌለው ጀግና ካባ ስለ መልበሱ

ልዕለ ጀግና በአዲስ አበባ በሁለት መልክ ይገኛል፦ በግድግዳ ላይ የተሣለና በሶፋ ላይ የቆመ። የመጀመሪያው አይንቀሳቀስም፤ ሁለተኛውን ማስቆም አይቻልም። ይህ ጥናት ሁለቱንም ይመለከታል፤ ሆኖም አጥኚው የሚኖረው ከሁለተኛው ጋር ስለሆነ ሚዛኑ ወደዚያ ቢያጋድል አንባቢ ይታገሠው።

የግድግዳው ወገን መኖሪያው የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ነው። በሀ ሁ ሰሌዳና በኢትዮጵያ ካርታ መካከል፣ ከሚኪ ማውስ ጎን፣ ስፓይደርማን አንድ እጁን ወደ መንገደኛው ዘርግቶ ይቆማል። ከጀግኖች ሁሉ እሱ ለምን በዛ? ምክንያቱ ሙያዊ ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩት ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ለአንባቢ ሲቀርብ ፊቱ ገላጣ ነበር፤ ፊት ደግሞ ለሠዓሊ ዕዳ ነው። አገጩ ትንሽ ከሾለ፣ ዓይኑ ትንሽ ከጠበበ፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ይመስልና ወሬ ይነሣል። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ስፓይደርማን ግን ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ የተሸፈነ ነው፤ አልመሰለም ብሎ ሒሳብ የሚቀንስ አሠሪ አይገኝም። ስታን ሊ ራሱ ልብሱ መላ አካሉን ስለሚሸፍን የየትኛውም ዘር ልጅ «ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ» ማለት እንደሚችል ተናግሮ ነበር። የግድግዳ ሠዓሊዎቻችን ይህንኑ እውነት በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል።

ፈተናው ድሩ ነው። ሠዓሊው ከአፍንጫው ይጀምራል። ግንባሩ ላይ መስመሩ ቀጭንና ጥብቅ ነው፤ ደረቱ ላይ ይላላል፤ ቡትስ ጫማው ላይ ሲደርስ አራት መስመር ብቻ ይቀራል። ልምድ ያለው ተመልካች አንድን ስፓይደርማን ከላይ ወደ ታች በማየት ብቻ ቅድሚያ ክፍያው የት ላይ እንዳለቀ ሊያመለክት ይችላል። (አገር በቀሉ ጀምበር፣ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የራሳችን ልዕለ ጀግና፣ እኔ ባለፍኩባቸው አጥሮች ላይ ገና አልወጣም። ፊት ስላለው ይሆን?)

ሕያዋኑን በዕድሜ እንከፍላቸዋለን። ዐዋቂዎቹን ቶሎ እንለፋቸው። በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ከጎብኚ ጋር ፎቶ እየተነሡ ጉርሻ የሚቀበሉትን የጀግና ልብስ ለባሾች ከተማው እ.ኤ.አ. በ2016 መሬት ላይ ቀለም ቀብቶ «ከዚህ ውጭ እንዳትሠሩ» ብሏቸዋል፤ ዓለም አዳኙ ሁሉ በቀለም በተከለለ ቦታ ተሰብስቦ ቆመ። በሲያትል ደግሞ ፊኒክስ ጆንስ የተባለ ሰው ጭምብል አጥልቆ የምሩን በሌሊት ከተማ ይጠብቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጠብ ለመገላገል ብሎ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ሲረጭ ፖሊስ የያዘው እሱኑ ነው። የገላጋይ ዕጣ አገር አይመርጥም። የእኛው ዐዋቂ ለልደት የሚከራየው ስፓይደርማን ነው፤ ጡንቻው ስፖንጅ፣ ጫማው የራሱ። ልጆቹ ግድግዳ ውጣ ይሉታል፤ እሱ ኬኩ ይቆረስ ይላል።

ዋናው ጉዳይ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያለው ነው። እዚህ ላይ ሳይንስን የሚፈትን ነገር ይገጥመናል። ስፓይደርማን ካባ የለውም። ካባው የሱፐርማን ነው፤ የባትማንም ነው። በቤታችን ግን «እኔ ስፓይደርማን ነኝ» የሚል ልጅ ያለ ካባ ታይቶ አይታወቅም። ስሙ የስፓይደርማን፣ ካባው የሱፐርማን፣ ድምፁ የሞተር ብስክሌት ነው። ይህን ስሕተት ነው ብለው ልጁን ለማረም የሞከሩ አሉ፤ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ሰው ሲከበር ካባ ይደረብለታል፤ ሙሽራው ይለብሳል፣ ተመራቂው ይለብሳል። ከተማ ሙሉ ሰው ያዳነ ጎልማሳ በጠባብ ልብስ ብቻ ሲንከራተት አይቶ ልጁ የጎደለውን ሞላለት።

ካባ በጨርቁ ዓይነት ይመደባል። ፎጣ በጣም የተለመደው ነው፤ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ስለሆነ አይነፋም፤ ሰው ገላውን ታጥቦ በሚፈልገው ሰዓትም ሁልጊዜ በሥራ ላይ ነው። አንሶላ ግርማ አለው፣ ግን በር ላይ ይያዛል። ጋቢ የለበሰ ጀግና መብረር አይችልም፤ ሁለት ዙር ሮጦ ይሞቀዋል፣ በሦስተኛው ይተኛል። ስለዚህ ወላጆች ጋቢን አጥብቀው ይመክራሉ።

ነጠላ ግን ለብቻው ነው። ስስ ስለሆነ ልጁ ገና ሳይነሣ ይነፋል፤ ከአልጋ ወደ ሶፋ በሚደረገው በረራ ከኋላ ተዘርግቶ ጀግናውን ተከትሎ ያርፋል። የሚመረጠውም የበዓሉ ነው፤ የአዘቦቱን ነጠላ የነካ ጀግና አላየሁም። ችግሩ ጥለቱ ነው። ልጁ ቋጠሮው እንዲጠነክርለት ጥለት ያለበትን ጫፍ ይመርጥና አንገቱ ላይ ያስረዋል። ጥለት ወደ ፊት ተጠግቶ የሚለበሰው ደግሞ ለለቅሶ ነው። ስለዚህ አያቱ ከጓዳ ብቅ ሲሉ የሚያዩት ዓለም አዳኝ ሳይሆን ለለቅሶ የለበሰ የልጅ ልጅ ነው።

«አንተ! በቁሜ ልታለቅስብኝ ነው?»

ተቃውሟቸው የነጠላው መወሰድ አይደለም፤ አለባበሱ ነው። ቋጠሮው በጣት እምቢ ሲል በጥርሳቸው ፈቱት፣ ነጠላውን አራገፉ፣ ጥለቱ ግራና ቀኝ እንዲወርድ በጎኑ አዙረው በመርፌ ቁልፍ ያዙለት። በምርምሬ ሁሉ እንዲህ ያማረ ካባ አላየሁም፤ ፎቶ ላነሣው ስል አያቱ ጥያቄ ጀመሩ።

«ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ እናት አባት የለውም? እንዲህ ጣሪያ ለጣሪያ የሚዞረው?»

«ሞተዋል።»

«ውይ! ማን አሳደገው ታዲያ?»

«አጎቱና አክስቱ። አጎቱን ግን ሌባ ገደለው።»

አያቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ መርፌ ቁልፉን ፈቱና ጥለቱን ወደ አንገቱ መለሱለት።