ዋጋው ሲጨስ

አንድ ሲጋር 200 ዶላር ያወጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሰርግ ተጠርቶ ጠጁ በስንት ብር ተጣለ ብሎ እንደሚጠይቅ እንግዳ ያስቆጥራል። ጨዋ ሰው ሲጋሩን ይለኩሳል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ "እህ…" ይላል፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ እሱም አብሮት ጥቂት ከፍ ይላል። ስለ ዋጋ የሚያወራ ዋጋውን የማይችል ነው ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል። ውሳኔውን ያጸደቁት አጫሾቹ ቢሆኑም ያረቀቁት ሻጮቹ ናቸው። እኔ ግን ባለጌ ልባልና ልጠይቅ። ልብ አንጠልጥሎ ማቆየት ስለማልወድ መልሱንም አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ያወጣል፤ እንዲያውም ዋጋው ሲቀነስ ነው የሚበላሸው።

ከሲጋሮች ሁሉ በላይ ስለሚቀመጡት ስለ ኮሂባ ቤሂኬ ሳወራ "እሳቸው" እላለሁና አንባቢ ይታገሠኝ። ሦስት አራት ዶላር የሚያወጣውን "እሱ" ብንለው አይቀየምም፤ በቤሂኬ ዋጋ ግን "አንተ" ማለት ድፍረት ነው። ዘራቸውም የዋዛ አይደለም። ኮሂባ በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሃቫና ውስጥ የተጀመረው ለፊደል ካስትሮና ለመንግሥት እንግዶች ስጦታ ተብሎ ነው። መጠቅለያ ቤቱ ኤል ላጊቶ ይባላል፤ ድሮ የባለጸጋ መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ የኛ ቀበሌዎች ከወረሱት ቪላ ሲጋር አለማውጣታቸው ነው። እስከ 1982 ድረስ ኮሂባ ማንም ገንዘብ ያለው ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ዕቃ አልነበረም። ሠርቶ አደሩ ሥልጣን ያዘ በተባለበት አገር ሠርቶ አደሩ የማይገዛውን ሲጋር በሠርቶ አደሩ ማስጠቅለል ቀላል ጥበብ አይደለም።

ቤሂኬ በመደበኛነት ለገበያ የቀረቡት በ2010 ነው፤ በሦስት ውፍረት፣ 52፣ 54 እና 56። የሚመኩበት ምሥጢር ሜዲዮ ቲዬምፖ የሚባል ቅጠል ነው። ከትምባሆው ተክል አናት ላይ ፀሐይ እንደ ልቧ የምታገኛቸው ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች አሉ፤ ሁሉም ተክል አያበቅላቸውም፤ ብርቅ ናቸው። ብርቅነታቸውን አልክድም። ችግሩ ሌሎች ቅጠሎች መሐል ገብተው፣ ተጠቅልለው፣ ልባስ ለብሰው፣ የፋብሪካው ምልክት ያለበት የወረቀት ቀለበት ታስሮላቸው መምጣታቸው ነው። ገዢው ዓይናቸውን አይቶ አያውቅም። ማየት ካማረው 200 ዶላሩን በጥፍሩ መተርተር አለበት፤ ይህን ያደረገ ጨዋ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። ስለዚህ በእምነት ይገዛል፣ በእምነት ይጨሳል።

ሥርዓቱ ረጅም ነው። እሳቸው በመጀመሪያ ከእርጥበት ጠባቂ የዝግባ ሣጥናቸው ይወጣሉ። ቀጥሎ በጣት ቀስ ተደርገው ይዳበሳሉ፣ ይሸተታሉ። ከዚያ አናታቸው በልዩ መቁረጫ ይቆረጣል። በቤንዚን ላይተር መለኮስ ክልክል ነው፤ ጣዕማቸው ይረበሻል ይባላል። አመዳቸው እንኳ አይራገፍም፤ ረጅም ሆኖ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ አመዱ ሱሪ ላይ ሲወድቅ የሱሪው ባለቤት ይቅርታ የሚጠይቀው ሲጋሩን ነው።

ከዚያ ጣዕሙ ይተነተናል። የሲጋር ቀማሾችን ጽሑፍ ያነበበ ሰው መዝገበ ቃላታቸውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፦ ቆዳ፣ እርጥብ አፈር፣ ድርቆሽ፣ የዝግባ እንጨት፣ በርበሬ፣ ካካዎ፣ ቡና፤ የተራቀቁት ደግሞ በረት ይጨምራሉ። አዎ፣ በረት፤ ከብት የሚያድርበት። ይህ በምስጋና የሚጻፍ ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ገጠር ያደገ አንባቢ ያችን መዓዛ በልጅነቱ ያለ ምንም ክፍያ ሲምጋት ኖሮ፣ ከተማ ገብቶ ሲታጠባት ሳሙና መጨረሱ አሁን ሊቆጨው ይችላል። ስለ ቡናው ግን ምን ልበል? ከጀበና የሚቀዳ ነገር አለ፤ እሱም የቡና ጣዕም አለው፤ እስከ ሦስተኛው ድረስም ይቆያል።

ነገሩን ከማንም በላይ ያጣራው አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን ነው። ትዌይን ርካሽ ሲጋር አጫሽ ነበር፤ ወዳጆቹ ሲጋሩን በበሽታ ደረጃ ይፈሩት ነበር። ስለ ትምባሆ በጻፈው መጣጥፍ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን እነዚሁ ወዳጆቹ እራት ተጠርተዋል። ከመካከላቸው ሀብታም የነበረው ሰው የሚያጨሰው አንዱ 40 ሳንቲም የሚያወጣ፣ ቀይና ወርቅማ ምልክት የታሰረበት ውድ ሲጋር ነው፤ በዚያ ዘመን 40 ሳንቲም ትልቅ ገንዘብ ነው። ትዌይን ከዚህ ሰው ቤት ሁለት እፍኝ ያህል ያነሳል፤ ምልክቱን ይልጣል፤ የራሱ ርካሽ ሲጋር ስም ባለበት ሣጥን ውስጥ ይደረድርና ከእራት በኋላ ያዞራል። እንግዶቹ በይሉኝታ ያነሳሉ፣ ይለኩሳሉ፣ ከሲጋሩ ጋር ጥቂት ይታገላሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰበብ እየፈጠረ ሹልክ ይላል። ጠዋት ሲታይ ሲጋሮቹ ከቤቱ በር እስከ ግቢው መውጫ ድረስ ተጥለዋል። አንዱ ብቻ ሳህን ላይ ቀርቷል፤ እሱም የባለ ሲጋሮቹ፣ የዚያ የሀብታሙ ሰው ድርሻ ነው። የራሱን ሲጋር ሊያጨሰው አልቻለም።

በዚህ ታሪክ በሀብታሙ የሚስቅ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አዝንለታለሁ። ሰውዬው አልዋሸም። ቀለበቱ ሲኖር ሲጋሩ በእውነት ይጣፍጠው ነበር፤ ቀለበቱ ሲነሳ በእውነት መረረው። በ2008 የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያንኑ አንድ ወይን አንዴ 10 ዶላር፣ አንዴ 90 ዶላር ነው እያሉ ሰዎችን ሲያስቀምሱ፣ ባለ 90ው ይበልጥ ጣመን ከማለታቸውም በላይ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ሲነቃቃ በመሣሪያ ታይቷል። ስለዚህ ባለ ቤሂኬው ወዳጃችሁ "እህ…" ሲል አስመሳይ አትበሉት። ከልቡ ነው። ከቅጠሎቹ ሁሉ የጣፈጠው ሂሳቡ የተጻፈበት ወረቀት ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ይህን ከገዢው ይልቅ ሻጩ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ሃባኖስ የሚባለው፣ ግማሹ የኩባ መንግሥት የሆነው ኩባንያ፣ በ2022 የኮሂባና ትሪኒዳድ የሚባለው የሌላው ሲጋሩ ዋጋ በዓለም ሁሉ ወደ ውዱ የሆንግ ኮንግ ዋጋ እንዲጠጋ ወሰነ። በብዙ አገር ዋጋው እጥፍ፣ አንዳንድ ቦታም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቅጠሉ ያው ነው፤ የምትጠቀልለዋ ሴት ጣት ያው ነው፤ ሣጥኑም ያው ነው። ሽንኩርት እንዲህ ቢያደርግ ገበያተኛ ይሸሸዋል። የሃባኖስ የዓመት ሽያጭ ግን በ2022 ከነበረበት 545 ሚሊዮን ዶላር በ2023 ወደ 721 ሚሊዮን ወጣ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች፤ ሃባኖስም ደንበኛውን ተማምኗል። ድሮ በርካሹ ዘመን ቤሂኬን ያጨሱ ሰዎች ግማሽ ጣዕም ብቻ እንደደረሳቸው አሁን ሲገባቸው ምን እንደተሰማቸው እንጃ። በኩባ አማካይ የመንግሥት ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ደግሞ የወሩን ገንዘብ በመንገድ ምንዛሪ ዘርዝሮ ቢቆጥረው ለአንድ ቤሂኬ አይሞላለትም፤ እሱ እንግዲህ ጣዕሙን የሚያገኘው ከፋብሪካው አጥር ውጭ በነፋስ ነው።

ፍትሕ እንዳላጎድል አንድ ነገር ልመስክር። ከ1992 ጀምሮ የሚታተም ሲጋር አፊሲዮናዶ የሚባል የአሜሪካ መጽሔት አለ፤ ቀማሾቹ ሲጋሩን የሚቀምሱት የፋብሪካው ቀለበት ተነስቶ ነው። በ2010 የዓመቱ አንደኛ ብለው የመረጡት ቤሂኬ 52ን ነው። እሳቸው እርቃናቸውን ቀርበውም ተከብረዋል፤ መጥፎ ሲጋር ናቸው የሚል ካለ ከእኔ አልሰማም። ነገር ግን በ2012 ያችኑ ወንበር የያዘው ፍሎር ደ ላስ አንቲያስ የሚባል የኒካራጓ ሲጋር ነው፤ ዋጋው ያኔ ከ10 ዶላር በታች ነበር። ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ይህን ባላገር አሁንም "እሱ" ነው የምንለው። ሰው በሙያው ሳይሆን በዋጋው "አንቱ" እንደሚባል ለማወቅ ሲጋር ድረስ መሄድ ባያስፈልግም፣ እዚያም አለ።

ሐሰተኛውን ኮሂባ ሳላነሳ ባልፍ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ይታዘበኛል። ሃቫና መንገድ ላይ "የአጎቴ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው" ከሚል ሰው፣ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሣጥን የሚገዛ ኮሂባ አለ። እውነተኛው ኮሂባ በመስታወት ክዳን አይሸጥም። ቱሪስቱ ግን ደስ ብሎት አገሩ ይገባል፤ ወዳጆቹን ሰብስቦ ይለኩሳል፤ ቆዳውንም፣ አፈሩንም፣ ካካዎውንም አንድ ሳይቀር ያገኛቸዋል። እውነተኛውን የገዛውስ ቢሆን መች ተርፎ? በእጅ የሚጠቀለል ነገር ነውና አንዳንዱ አጥብቆ ተጠቅልሎ ጭሱ አልሳብ ይላል። ለዚህ ደግሞ ሲጋሩን መሐል ለመሐል የሚፈለፍል ቀጭን መሣሪያ ይሸጣል። 200 ዶላር ከፍሎ በመርፌ ጉድጓድ መቆፈር የሥርዓቱ ክፍል ሆኖ ተቆጥሯል።

በዚህ ሁሉ መካከል እሳቸውን "አንተ" የሚላቸው አንድ ፍጡር አግኝቻለሁ። የትምባሆ ነቀዝ ነው። እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ባለ 5 ዶላሩንም ባለ 200ውንም በእኩል ይበሳል። ቀለበት አያነብም፤ ሜዲዮ ቲዬምፖን ከተራው ቅጠል ለይቶ ሲያመሰግን አልተሰማም። ባለሀብቶቹ ከዚህ ሐያሲ ለመዳን ሲጋራቸውን ፍሪዘር ውስጥ ይከታሉ፤ ክቡርነታቸው ከዶሮው ጎን ያድራሉ።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በየዓመቱ ሃቫና በሚደረገው የሲጋር ፌስቲቫል ማብቂያ ላይ በሲጋር የተሞሉ ያጌጡ ሣጥኖች በጨረታ ይሸጣሉ። በ2024 አንድ የኮሂባ ሣጥን 4.4 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶበታል። ገቢው የሚሰጠው ለማን ነው? ለኩባ የጤና አገልግሎት። እውነቴን ነው፤ ሽሙጡን እኔ አልጨመርኩም፣ እንዳለ ነው ያገኘሁት። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ እንደሚችል ይናገራል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በቀን 20 ያህል ሲያጨስ ኖሮ በ1923 አፉ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት፤ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሲጋሩን ግን አልተወም። በፎቶግራፍ ከጢማቸውና ከወታደር ልብሳቸው ጋር ሲጋራቸውን የምናስታውሳቸው ካስትሮስ? እሳቸው በ1985 ትተውታል። ኮሂባ የተፈጠረላቸው ሰውዬ ኮሂባን ሲተዉ ገበያው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ያጨሱት እንደነበር መታወቁ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ከአንድ ቅጠል ሁለት ጊዜ የሚታጨድበት እርሻ ሌላ ቦታ አይገኝም፤ መጀመሪያ ጭሱ ይሸጣል፣ ቀጥሎ የጭሱ ገንዘብ ለሳሉ ይመጸወታል።

ለሃባኖስ ሹማምንት ነጻ ምክር አለኝ። ቀለበቱን ለብቻው ሽጡት። 195 ዶላር ለቀለበቱ፣ 5 ዶላር ለሣጥኑ። ነቀዝ አይበላውም፣ ጭስ አልሳብ አይልም፣ ፍሪዘር አይፈልግም። ገዢው ከፈለገ የኒካራጓውን ባላገር ያልብሰው፤ ካልፈለገ ጣቱ ላይ ያጥልቀው። ለበዓል ደግሞ ልዩ እትም ይውጣ፦ ቀለበትም ሲጋርም የሌለበት፣ የተከፈለው ገንዘብ በወርቅ ቀለም የታተመበት ደረሰኝ፤ ተራ ቁጥር ያለው፣ በዝግባ ሣጥን የሚቀርብ። የመጀመሪያውን ለጨረታ አቅርቡልን፤ ገቢው ለጤና ጥበቃ ይሁን።