ለኔትወርካችን የትራንስፖርት አበል እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

ለድርጅታችን የአይሲቲ መምሪያ
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሜክሲኮ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የቃሊቲ መጋዘን ኔትወርክ ጫማው አልቋል። ዕድሜው 23 ነው፣ የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ደመወዝ መክፈያው ላይ «ተላላኪ» በሚለው ረድፍ ይፈርማል። ዘወትር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የዕለቱን የገቢና የወጪ ሰነድ፣ ስካን የተደረጉትን ደረሰኞችና የካሜራውን ቅጂ በፍላሽ ይረከበኛል። ፍላሹን በሶፍት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከትና ዚፑን ይዘጋል። ከዚያ ባቡር ከመጣ በባቡር፣ ካልመጣ በሚኒባስ እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

ቆጠራ እንጀራዬ ነውና ፍጥነቱን አስልቼዋለሁ። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ሞልቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ ከገባ፣ ልጁ በሰከንድ 47 ሜጋቢት ያህል ይሄዳል ማለት ነው። በየወሩ የምንከፍልበት መስመር በውሉ ላይ 20 ሜጋቢት ነው። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት እንኳ ልጁ ይበልጣል። እርግጥ እሱም እንከን አለበት፤ ጊጋባይትም ይሸከም አንዲት ቃል መንገዱ ያው ሰዓት ተኩል ነው። ባለፈው ወር «ገጽ 4 አይነበብም፣ ድገሙት» ስትሉን ለአንድ ገጽ ሲል ደርሶ መልስ ሄዷል። እናንተ ደግሞ ለምሳ ወጥታችሁ ነበር።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በ2009 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት በኢንተርኔቱ ቢማረር 4 ጊጋባይት ካርድ እርግብ እግር ላይ አስሮ ወደ ደርባን ለቀቀ። የእርግቡ ስም ዊንስተን ነበር። በረራውና ካርዱን ኮምፒውተር ላይ መገልበጡ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ በመስመር የተላከው ያው ፋይል በዚያ ጊዜ ውስጥ የደረሰው 4 በመቶው ብቻ ነው። ይህን የጻፍኩት የእርግብ ግዥ ጨረታ እንድታወጡ አይደለም። እባካችሁ እንዳታወጡ።

በመምሪያችሁ ትጋት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በጻፍንላችሁ ቁጥር አንድ ነገር አድርጋችኋል። መጀመሪያ ኮሚቴ አቋቋማችሁ። ኮሚቴው ሻይ ጠጥቶ «ቫይረስ ነው» አለ። በአጼ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ሰይጣን አለበት ብለው የሸሹት ሰዎች እንደነበሩ ይወራል፤ ቫይረስ የዚያ ሰይጣን የልጅ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ቲክቶክ የሚከለክል ማስታወቂያ በየግድግዳው ለጠፋችሁ። መጋዘን ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን፤ ሦስታችን የያዝነው በተን ስልክ ነው። በመጨረሻም ጥፋቱ የመስመር አቅራቢው ነው ብላችሁ 10 የነበረውን ውል ወደ 20 ሜጋቢት አሳደጋችሁት። ሒሳቡ በርግጥም አደገ። ፋይሉ ግን እንደ ድሮው «3 ሰዓት ይቀራል» እያለ ያመሻል።

ሥራ አስኪያጃችን መጥተው የኮምፒውተሩን መስኮት ሲያዩ «20 ሜጋ ገዝቼ ስንት ነው የማየው?» ብለው የተቆጡትን ታስታውሳላችሁ። ውሉ የሚቆጥረው በሜጋቢት፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋባይት ስለሆነ ለ8 ይካፈላል፤ ሁሉ ነገር ሰላም በሆነ ቀንም ከ2.5 በላይ አያዩም። ይህን ማስረዳት የናንተ ድርሻ ነበር። እናንተ ግን አብራችሁ ተቆጣችሁ።

የምንሠራበት አካባቢ ለዚህ ነገር እንግዳ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ አቃቂ ነው፣ ያውም በ1 ኪሎዋት ማሰራጫ። ጣሊያን ሊወር ሠራዊቱን በሚያከማችበት በዚያ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ድምፃቸውን ለባሕር ማዶ ያሰሙት ከዚሁ ነበር። እኔ በዚያው በአቃቂ ተቀምጬ የኤክሴል ፋይል አልሄድ አለኝ ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዕቃ ሳይገባ ሲቀርና ሥራ ስፈታ፣ ሙከራ አደረግሁ። 1 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ማዶ ባለው የጊቢያችን ቢሮ ወደተቀመጠው ሰርቨር ላክሁ። ይህ መንገድ ከአጥራችን አይወጣም፤ አቅራቢውም አያውቀው፣ ኢንተርኔትም አይነካው። በደህና ገመድ 10 ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ነገር ነው። 14 ደቂቃ ፈጀ። ኮምፒውተሩ የገመዱን ፍጥነት ራሱ ጽፎት ኖሯል፦ 10 ሜጋቢት። ለካ ውስጡ 10 በሚያሳልፍበት ጊቢ ደጅ ላይ 20 ገዝታችሁ አቁማችኋል። ሜክሲኮ ድረስ የሄድንበት ምርመራ ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ገመዱን እየዳሰስሁ ሄድሁ። ሦስተኛው በር ደፍ ላይ፣ ከተጨፈለቀ የፓስታ ካርቶን ሥር ይገባል። ካርቶኑን ሳነሣው ገመዱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጥፏል፤ ፎርክሊፍቱ ፓሌት ይዞ በገባና በወጣ ቁጥር የሚያልፈው በላዩ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ የሆነ ሰው ሁለት ገመድ በእጁ ጠምዝዞ በናስትሮ አስሮታል። ናስትሮውን ስፈታው ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች የተያያዙት አራቱ ብቻ ናቸው። ጊጋቢት ደግሞ ስምንቱንም ይፈልጋል። የተያያዙት አራቱም በክረምቱ ውሃ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በሜትር ስለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ 130 ሜትር ሆነ። የዚህ ዓይነት የመዳብ ገመድ ልኩ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ መሐሉ ላይ ስዊች ይገባል፣ አለዚያም ፋይበር ይዘረጋል። ይህን የነገረኝ ሳሪስ ገመድ የሚሸጥ ልጅ ነው። ኮሚቴ አላቋቋመም፤ ሜትሩን ጠይቆኝ ብቻ ሳቀ።

ስለዚህ መምሪያው ከሁለት አንዱን እንዲፈቅድልን በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንዲት ስዊችና ገመዱን ከጎማ የሚሸሽግ የብረት ቱቦ ነው። የካሜራው ቅጂም ሁሉም ሰው ሰነድ በሚልክበት በ10 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ሌሊት ሰው በሌለበት ራሱ እንዲሄድ ቢደረግ መልካም ነው። ይህ ከበጀት በላይ ከሆነ፣ ወይም ወደ 50 ሜጋቢት ለማሳደግ እያጠናችሁ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ሁለተኛውን ፍቀዱልን፦ ለልጁ የታክሲ አበልና አንድ ጥንድ ጫማ፣ ቁጥር 41። ዝናብ የማያስገባ ቢሆን ይመረጣል፤ ኔትወርካችን እየረጠበ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የቃሊቲ መጋዘን ንብረት ክፍል

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ መምሪያ
ለፎርክሊፍት ሾፌራችን (በሦስተኛው በር ቀስ እንዲል)
ለኔትወርካችን (ይህን ደብዳቤ እግረ መንገዱን እንዲያደርስ)