ለጨዋው ሌባ ቁርበት ማንጠፍ

የዘመኑን ሌባ ትሕትና ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። የድሮው አጥር ይዘላል፣ ውሻ ይመርዛል፣ መስኮት ይሰብራል፤ ባለጌ ነበር። የአሁኑ ግን በድረ ገጽ ላይ “ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ” ብሎ አንቱ እያለ ይለምናል። ሣጥኗን ሲነኩለት የራሱን ትእዛዝ በዝምታ ኮፒ አድርጎ ያስይዝዎታል። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር፣ ኮንትሮልን ከቪ ጋር፣ በመጨረሻም ኢንተርን ይጫኑ ይልዎታል። እኛም እንጫናለን።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ምስኪን! ዛሬ ቢሆን ያን ያህል መንገድ ምን አደከመው? ቁርበቱን አንጥፈን፣ ሙክቱን ጎትተን እንጠብቀው ነበር።

የአንዲት ክፍል ኪራይ ውል ስንፈርም ሦስት ምስክር እንቆጥራለን፤ “ይህቺ አንቀጽ አላማረችኝም” እንላለን። የለጠፍነውን ትእዛዝ ግን አንዲት ቃል አናነብም። ሌባው ለጥንቃቄ ያህል ፓወርሼል የሚለውን ማዘዣ ፊት ላይ አድርጎ፣ ጅራቱ ላይ “ሮቦት አይደለሁም” ብሎ ይጽፋል። በዊንዶውስና በአር የከፈትናት የራን ሣጥን ጠባብ ስለሆነች የምታሳየው ጅራቱን ነው። ለከንቱ ደከመ እንጂ ራሱንስ ብናየው መች እናነብ ነበር? (ፈተናውንም ልብ ይበሉ፤ ሮቦት አለመሆን የሚመሰከረው የታዘዙትን ሳይጠይቁ በመፈጸም ነው።)

ባለሙያዎች ይህን ዘዴ ክሊክፊክስ ይሉታል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተስፋፍቷል። በዚህ በር ከሚገቡት ሌባ ፕሮግራሞች አንዱ ሉማ ነው፤ በብሮውዘር የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ ኩኪና የክሪፕቶ ዋሌት ይለቅማል። ማይክሮሶፍት ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በሁለት ወር ብቻ ሉማ የገባባቸው ከ394,000 በላይ ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ አግኝቷል። እንግዳ ተቀባይነት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር!

የሰፈራችን ሊቅ ደግሞ ማንም አያታልለውም፤ ራሱ ፈልጎ ይሄዳል። ዊንዶውሱን በነጻ አክቲቬት ሊያደርግ ከቴሌግራም ያገኘውን መስመር ይለጥፋል። አንቲቫይረሱ ሲጮህ “ይሄ ደግሞ ሥራው መጮህ ነው” ብሎ ያጠፋዋል። ሌባ ሲመጣ ውሻውን ያስራል ማለት ነው።

እባክዎ፣ ጨዋውን እንግዳ አንድ ጊዜ ያስቀይሙት። ሰው መሆንዎን ሊያረጋግጥ ራን ወይም ተርሚናል የሚያስከፍት ሁሉ ሌባ ነውና ገጹን ይዝጉበት። ኢንተር ብለው ከሆነም ኢንተርኔቱን አሁኑኑ ያቋርጡ፤ የይለፍ ቃሎችዎንም ከሌላ መሣሪያ ይቀይሩ።