«አለ፤ የት እንዳለ ነው እንጂ»፦ ከባካፕ የተመለሱ የግል ፋይሎች ይዞታ በጠዳ

የጥናቱ ዳራ

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ስላላት ተማሪ አይጠፋባትም፤ ተማሪ ባለበት ደግሞ ጽሑፍ የሚተየብበትና ፍላሽ የሚሰካበት ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። የዚህ ቤት ኮምፒውተር በንግድ ፈቃዱ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ በተግባር የሠፈሩ መዝገብ ቤት ነው። የተመራቂው ሲቪ፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ ስላልተሰጠ ዕድገት የተጻፈ አቤቱታ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለጉዳዮቹ የራሳቸውን ግልባጭ ለምን እንዳልያዙ ሲጠየቁ «ምን አስቸገረኝ፣ እሷ ዘንድ አለ» ይላሉ። «እሷ» ጸሐፊዋ ናት።

ኮምፒውተሩ ቫይረስ ሲበዛበት ፎርማት ይደረጋል። አስቀድሞ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ በኋላ ይመለሳል። ጠጋኙ ልጅ «ምንም አልጠፋም» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥናቱ የሚመለከተው ልጁ ከሄደ በኋላ ያለውን ዘመን ነው።

የጥናቱ ዘዴ

አጥኚው ተራ የሚጠብቅ መስሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተራው ሲደርስ ለሌላ ሰው እየለቀቀ መረጃ ሰብስቧል፤ በዚህም በአካባቢው ጨዋ ተብሏል።

ግኝት አንድ፦ የንብርብር ሕግ

«ባካፕ» የተባለው ፎልደር ሲከፈት «የድሮው ባካፕ» ይገኛል። በእሱ ውስጥ «ዴስክቶፕ»፣ በዴስክቶፑ ውስጥ «ኒው ፎልደር»፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ስሙን ማንም ያላወጣለት ሌላ «ኒው ፎልደር» አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በየፎርማቱ ያለው እንዳለ ይገለበጣል፣ የሰው ጉዳይ ነውና ለመሰረዝ የሚደፍር የለም። የዕድሩ ደንብ በየንብርብሩ ይገኛል፤ የትኛው እንደጸደቀ የሚያውቁት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም «ባለ ጥቁሩ ርእስ» ይላሉ።

ዴስክቶፕ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ሰው የሚሳሳለትን ፋይል «እንዳይጠፋ» ብሎ የሚያኖረው ዓይኑ ፊት፣ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ግን እንደ ደንቡ ያለው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው፣ ፎርማትም የሚጀምረው ከሲ ነው። ፊልሞቹ ዲ ውስጥ ተኝተው ፎርማቱን ሁሉ በሰላም ያልፋሉ።

ግኝት ሁለት፦ የዘመን አቆጣጠር

ባለጉዳይ ፋይሉን በበዓል ያስታውሳል። «ልጄ፣ ከጥምቀት በፊት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያስጻፍኩት» ይላል። ኮምፒውተሩ ጥምቀትን አያውቅም፤ ሦስት ሰዓትንም ዘጠኝ ይለዋል። ፋይል ሲገለበጥ ደግሞ ተፈጠረ ተብሎ የሚመዘገብለት የተገለበጠበት ቀን ስለሆነ፣ በባካፑ መሠረት የጠዳ ሕዝብ ሲቪውን፣ ውሉንና የሠርግ ጥሪውን ያስጻፈው ባንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስትደክም ነገሩ ይብሳል፦ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይሸሻል። አንዳንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጋር ይስማማል። አጥኚው ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ዓመተ ምሕረት ሲናገር የሰማው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው።

ግኝት ሦስት፦ የልሳን መለወጥ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ አማርኛ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ ልማዱም ከዩኒኮድ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቷል። ከፎርማት በኋላ ፎንቱ ካልተጫነ የዕድሩ ደንብ በላቲን ፊደል፣ በጥያቄ ምልክትና በቅንፍ ተሞልቶ ይከፈታል። አንድ አዛውንት አንቀጽ ሦስትን በዚህ መልክ አይተው «ከበፊቱ ይሻላል፣ ማንም አይከራከርበትም» ብለዋል።

ውይይት

መልሶ የተገኘ ነገር ጥቅም ላይ የሚውለው እንዴት ነው? አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተው አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። አገሪቱ ካደረገቻቸው ባካፖች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ብቻውን ቢቀመጥ ኖሮ ጥቅል ብቻ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዐሥርተ ዓመታት እዚያ ተቀምጠው መጻሕፍቱን እያነበቡ፣ ይህ ገድል ነው፣ ያ ድርሳን ነው፣ እዚህ ላይ ይጀምራል፣ የእገሌ ደብር ነው እያሉ መዘገቡት። ፊልሙን ቤተ መጻሕፍት ያደረገው ካታሎጉ ነው።

የጠዳው ቤት ካታሎግ ጸሐፊዋ ራስ ውስጥ ነው። «ባለ ቀይ ፍላሽ» የሚለው ፋይል የአንዲት አዋላጅ ነርስ ማመልከቻ፣ «ጋሼ 2» ደግሞ የመሬት ክርክር አቤቱታ መሆኑን የምታውቅ እሷ ናት። ጠጋኙ ፋይሉን ሁሉ መልሷል፣ ሐሰት የለበትም። የተመለሰውን ፋይል ከባለቤቱ የምታገናኘው ግን እሷ ናት፤ አግብታ ጎንደር ከገባች ምንም ሳይጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ምክረ ሐሳብ

ከፎርማት በፊት ፋይሎቹ በባለቤታቸው ስም፣ በጉዳዩና በቀኑ ይሰየሙ፤ የቆዩት ፎንቶችም ከሰነዶቹ ጋር አብረው ይገልበጡ። ይህ እስኪሆን ድረስ የቤቱ ዋና ንብረት ጸሐፊዋ መሆኗ ታውቆ ደመወዟ ይሻሻል።

ጥናቱ ለቤቱ ባለቤት ቀርቧል። እሳቸውም በጥሞና አንብበው፣ አጥኚውን አመስግነው፣ የደመወዙ ነገር ወደፊት እስኪታይ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ዴስክቶፕ ላይ እንዲቀመጥ አዘዋል።