ሐዋሳ ወረድ የማለት ዕቅድ፦ አነሳሱ፣ ዕድገቱና ፍጻሜው

ውሃ ያላቸውን ከተሞች ለመጎብኘት ስለሚደረግ ዝግጅት በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል። መንገዷ ቦይ የሆነው ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ2024 ለውሎ ብቻ ከሚመጣ እንግዳ በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ መቀበል ጀምራለች። የአምስተርዳም የቦይ ሰፈር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ወደነዚህ ከተሞች የሚጓዝ ሰው ቀን ይቆርጣል፣ ትኬት ይገዛል፣ ይሄዳል። ለአጥኚ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ሐዋሳ ቦይ የላትም። ጥንታዊም ልትባል አትችልም፤ ምሥረታዋ ከ1952 ዓ.ም. ጋር ይያያዛል፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫነትንም ከይርጋለም የተረከበች ከተማ ናት። ያላት ነገር 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው፤ ከእሱም ሌላ፣ ከ275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ «በሚቀጥለው ሳምንት» እመጣለሁ የሚል የአዲስ አበባ ሰው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለተኛውን ነው።

ዕቅዱ የሚፀነሰው በአብዛኛው ቡና ላይ ነው። አንዱ ሥራ እንዳማረረው ይናገራል፤ ሌላው «ሐዋሳ ወረድ ብንል እኮ!» ይላል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶ፣ የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ቡናው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ሁሉ ሳይጠየቁ ገብተውበታል።

የግሩፑ አባላት በአራት ወገን ይመደባሉ። የመጀመሪያው «ቁጠሩኝ» ባይ ነው፤ ቀኑንም ዋጋውንም ሳይሰማ የሚመልስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ሁለተኛው «እኔ ለሁሉም እሺ ነኝ» ባይ ሲሆን፣ የቀረበለትን ቀን ሁሉ በየተራ የሚጥለው እሱ ነው። ሦስተኛው «ማን ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስሞቹን ካየ በኋላ ዘመድ ይታመምበታል። አራተኛው ሁሉንም መልእክት አንብቦ ምንም ሳይጽፍ በመነሻው ዕለት ሻንጣ ይዞ ይገኛል። ከእነዚህ ውጭ አስተባባሪ የሚባል አንድ ግለሰብ አለ፤ ማንም አልመረጠውም፣ ማንም ግን አያወርደውም።

ቀን መቁረጥ የዕቅዱ ረጅሙ ምዕራፍ ነው። ሐዋሳ የሚኬደው ለዓሣ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ግን የሚስማማ የለም። ስለዚህ ሁዳዴ 55 ቀን ይዞ ሲመጣ ግሩፑ የጉዞ መድረክነቱን ትቶ የሃይማኖት ጉባኤ ይሆናል። ረመዳንም የራሱን ወር ይወስዳል። የወሩ መጨረሻ ደመወዝ ያልወጣበት፣ የወሩ መጀመሪያ የቤት ኪራይ የተከፈለበት ነው፤ ሐምሌ ዝናብ፣ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት። ይህ ሁሉ ተወግዶ አንድ ንጹሕ ቀን ሲገኝ፣ ቀኑ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሆኖ ያርፋል። የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ምዕመናን ከየአቅጣጫው ቀድመው ገብተዋል፣ አልጋ የለም። አስተባባሪው ይህን የሚያውቀው ፔንሲዮን በደወለ ቁጥር ስልኩ ላይ በሚሰማው ሳቅ ነው።

ለንጽጽር ያህል የሲዳማን ልማድ ማየት ይቻላል። ሲዳማዎች የዘመን መለወጫቸውን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የሚያከብሩበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተከታትለው ነው። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቀኑ የሚታወጀው ሰማይ ታይቶ ነው፤ ሐዋሳ የሚገኘው ጉዱማሌ አደባባይ ግን በዕለቱ ጢም ብሎ ይሞላል፣ በየቤቱም ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ በሸክላ ገበታው፣ በሻፌታ፣ ይቀርባል። ስልኩ ውስጥ የኢትዮጵያንም የፈረንጅንም የቀን መቁጠሪያ የጫነው ግሩፕ ዐሥራ ሁለት ሰው አንድ ቅዳሜ ላይ ማገናኘት አልሆነለትም። ምክንያቱ ምናልባት ከዋክብት «እስቲ ላስብበት» ስለማይሉ ይሆናል።

ቀጥሎ መዋጮ ይመጣል። ገንዘብ ያዡ የቴሌብር ቁጥሩን ይለጥፋል፤ የከፈለ ሰው ስክሪንሾት ይልካል፤ ያልከፈለ ሰው ለስክሪንሾቱ የጭብጨባ ምልክት ይሰጣል። እዚህ ላይ የሐይቁ ተፈጥሮ ብርሃን ይፈነጥቃል። ሐዋሳ ሐይቅ ዋና ገባሩ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲሆን፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጨዋማ መሆን ሲገባው ሐዋሳ ግን ጨው አልበዛበትም፤ ለዚህም የሚሰጠው ማብራሪያ ውሃው በከርሰ ምድር በኩል ቀስ እያለ ይወጣል የሚል ነው። የግሩፑ ካዝናም መግቢያው በግልጽ ይታያል፣ መውጫው አይታይም፤ የሃይሩፉ ቀብድ ተከፍሎ ሲያበቃ ግን መጠኑ ሁልጊዜ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ይገኛል። ገንዘብ ያዡ ማብራሪያ ሲጠየቅ ከጂኦሎጂስቶቹ ብዙም አይርቅም።

የመነሻ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ተብሎ ይጻፋል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ጧት 3 ሰዓት ነው። ይህን ልዩነት ሾፌሩ ከሁሉም ቀድሞ ስለሚያውቅ እሱም 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። የፍጥነት መንገዱ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውን ጉዞ ብዙ አሳጥሮታል፤ ያሳጠረውን ጊዜ ግን መንገደኛው ባቱ ላይ ወርዶ ዓሣ በመብላት ይመልሰዋል። ዓሣ ለመብላት ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ስለምን ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ እንደሚበላ ሲጠየቅ መልሱ «ለማነጻጸር» ነው። ከዚያ ቡልቡላ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ ይታለፋሉ። ነጌሌ ላይ አረቄ የሚገዛው ሰው «ለአባቴ ነው» ይላል።

ጥቁር ውሃን ተሻግሮ ከተማዋ ውስጥ ሲገባ የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ይገለጣል፦ ይህን ያህል የተለፋበት ዕቅድ ውስጥ ከአንድ ነጥብ በቀር ከተማዋ የለችም። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ሙዚቃ እንደሚመርጥ ተወስኗል። «ደርሰን ምን እናደርጋለን?» የሚለውን ጥያቄ ግን ያነሳ አልነበረም።

ስለዚህ የሚደረገው ሁሌም የሚደረገው ነው። ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። በማግስቱ አሞራ ገደል ይሄዳሉ፤ ዓሣ አጥማጆች ያወጡት ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ይበለታል፣ ሾርባው ይፈላል፣ ደፋሩ ጥሬውን በዳጣ ይሞክራል፣ የቀረው ደግሞ ደፋሩን በቪዲዮ ይቀርጻል። አባ ኮዳ ራሰ በራውን ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ፍርፋሪ እየጠበቀ አጠገባቸው ይቆማል። ይህ ወፍ ቀጠሮ አይዝም፣ መዋጮ አያዋጣም፣ ግን ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ አለ። ከምሳ በኋላ ጉማሬ ለማየት ጀልባ ይያዛል፤ ጉማሬዎቹ ከሌሉ ባለጀልባው «ጧት ነበሩ» ይላል። ታቦር ተራራ ላይ መውጣት ዕቅዱ ላይ ተጽፎ የነበረ ብቸኛ ነጥብ ነው፤ ተራራውን ከታች ሆነው አይተውት «ለነገ» ያሉት ሲሆን፣ ነገ መመለሻ ነው።

ሐዋሳ ለረጅም ጊዜ በስምንት ክፍለ ከተማ ስትተዳደር የኖረች ከተማ ናት፦ ሐይቅ ዳር፣ ታቦር፣ መናኸሪያ፣ ምሥራቅ፣ ባሕል አዳራሽ፣ አዲስ ከተማ፣ መሐል ከተማና ሀዌላ ቱላ። የግሩፑ ካርታ ዕውቅና የሚሰጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ መሆኗ፣ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ወደ ልብስ ስፌት መስመሮቹ ማምጣቱ፣ ከሥራ ሲወጡ መንገዱ በእነሱ መሞላቱ በግሩፑ ውስጥ አልተዘገበም። ስሙ በዓለም ገበያ የሚጠራ ቡና በሚያመርት ክልል ዋና ከተማ ተቀምጠው ማኪያቶ ማዘዛቸውም እንዲሁ።

እሁድ ማታ ሃይሩፉ ቃሊቲን ሳይደርስ ሒሳብ ይሠራል። የነዳጅ ጭማሪ አለ፣ የጀልባ አለ፣ ባቱ ላይ «ለማነጻጸር» የተበላው አለ፤ ሁለት ሰዎች ድርሻቸውን ገና አልከፈሉም፣ ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሰኞ ጧት ግሩፑ ይፈርሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አስተባባሪው ስሙን «አርባ ምንጭ» ብሎ ይቀይረዋል። ከሁለቱ ባለዕዳዎች አንዱ በደቂቃ ውስጥ ይመልሳል፦ «ቁጠሩኝ።»