ሳይማሩ ላለፉ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከሚቀመጡት ሁሉ የሚያሳዝነኝ የሒሳብ መምህሩ ነው። ንጉሥ ቢወርድ፣ ወታደር ቢወጣ፣ ግንባር ቢገባ፣ ብልጽግና ቢመጣ፣ እሱ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት እንዳለ ጡረታ ይወጣል። እድገት የለው፣ ግምገማ የለው። የታሪክ መምህሩን ግን ተመልከቱት፤ ከዘመን ጋር ይራመዳል።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡን የዘር ሐረግ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሲመዝዝ፣ ታሪክ ሕግ ነበረና መምህራችን ከነአንቀጹ አስተማረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፤ ያው መምህር በዚያው ጠመኔ የመደብ ትግል ሣለ። ከ1983 ወዲህ ደግሞ አገሪቱ ለአንዱ ሦስት ሺህ፣ ለሌላው መቶ ዓመቷ ሆነ። ወጣትነትን እንዲህ የሚመልስ ሐኪም እስካሁን አልሰማሁም።

እኔ ከሁሉ የምወደው የውጫሌን ትምህርት ነው። በ1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ በጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። አንዱ አንቀጽ ሁለት ሆኖ ተነበበና አድዋ አደረሰን። ልጆቻችን ይህን በደንብ ይሸመድዳሉ። ቀጥለው ስለዚያው ንጉሥ እዚህ ክልል አገር ያቀና፣ እዚያ ክልል አገር የወረረ ብለው ይጽፋሉ፤ ሁሉም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ፣ ሁሉም ትክክል። ያኔ ለሁለት ትርጉም ጣሊያን አስፈልጎን ነበር፤ ዛሬ፣ ተመስገን፣ ራሳችንን ችለናል።

ፈተናውስ! አድዋ መቼ ነበር? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። 1888ን ያከበበ ያልፋል። «በምን አወቅን? ማን ጻፈው? ሳይጽፍ የተወውስ?» የሚል ልጅ ክፍለ ጊዜ ያባክናል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከምርጫዎቹ መካከል ስለሌለም ይወድቃል። አድዋ ላይ የወደቁትን ስናስብ እንግዲህ እነዚህንም አንርሳ። (ጥያቄው ሥነ ሥርዓት ላለው ልጅ አይገባም፤ ለአገር ግን ይገባ ነበር።)

ለምን ታሪክ እናስተምራለን ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይረጋጋ፤ ልጆቹ እንዲያልፉ ነው። ብዙ ሰው አልፏል። ለሚመረቀው ትውልድ ይህችን ስንኝ አበርክቻለሁ፦

ሳይማር ያለፈ ሰው ሞልቶ ባገራችን፣
እንዴት ብሎ ይለፍ ፈተና ከልጃችን?

ቀጣዩ መጽሐፍ ታትሞ እስኪደርስ ድረስ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የታሪክ ደብተራቸውን በእርሳስ እንዲጽፉ ምከሯቸው። ላጲሱን መንግሥት ይችላል።